«የእረኛ ምግብ» የተባለው ቁርቁራ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። አፋር የምትሠራ እህቴ በየጊዜው ቁርቁራ የሚባለውን የዛፍ ፍሬ በፌስታል ትልክልኛለች። ልጆቼ ይሻሙበታል። ባለቤቴ ግን «ይሄ የእረኛ ምግብ ነው፣ ምን ሊጠቅም» ይላል። ጎረቤቴ ደግሞ ደም ማነስ ይፈውሳል፣ እንቅልፍም ያመጣል ትላለች። ማንን ልስማ? ልጆቼ 3 እና 8 ዓመታቸው ነው።
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል።

ባለቤትሽ እረኛ ይበላዋል ማለቱ ልክ ነው። ግን እረኛ ወዶ እንጂ ቸግሮት ብቻ አይደለም የሚበላው፤ የቁርቁራ ሥር ጠልቆ ውሃ ስለሚፈልግ ሌላው ሁሉ በደረቀበት ወቅት ዛፉ ላይ ፍሬ ይገኛል፣ ያውም ጣፋጭ። ለመልቀሙ ዋጋ ይከፈልበታል እንጂ። እሾሁ ጥንድ ጥንድ ነው፤ አንዱ ቀጥ ያለ፣ ሌላው ቆልማማ። እጅሽን ስታስገቢ ዝም ይልሻል፣ ስታወጪ ነው ጉዱ።

ወደ ጥቅሙ ልምጣ። የቁርቁራ የቅርብ ዘመድ የሆነው የእስያው ጁጁብ፣ ጥሬው (ያልደረቀው) በ100 ግራም 70 ሚሊ ግራም ገደማ ቫይታሚን ሲ አለው። ብርቱካን 50 ገደማ ነው። የኛው እንደ ዛፉና እንደ ብስለቱ ስለሚለያይ ቁጥሩን ለግምት ያህል ያዢው። በዚያ ላይ ከነልጣጩ ስለሚበላ አሰር አለው፣ ለሆድ ድርቀት ጥሩ ነው።

ነገር ግን ፌስታሉን ክፈቺና እዪው። ልጣጩ ለስላሳና ጠንከር ያለ ከሆነ ጥሬ ነው። ተጨማዶ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ሲነክሱት ውስጡ ዱቄት ዱቄት የሚል ከሆነ ደርቋል። ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ቫይታሚን ሲው ይቀንሳል፣ ስኳሩ ግን ይጠራቀማል። ጁጁብ ጥሬው በ100 ግራም 80 ካሎሪ ገደማ ሲሆን የደረቀው ከ3 እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ የደረቀውን እንደ ቴምር ቁጠሪው፣ ፍራፍሬ ነው ብለሽ በሳህን ሙሉ አታቅርቢ።

ደም ማነሱን በተመለከተ፣ ጎረቤትሽ ትንሽ አጋንነዋለች። ቁርቁራ ብቻውን ደም አይሞላም። ጥሬውን ከምስር ወጥ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ብትበሉት ግን ቫይታሚን ሲው በምስሩ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲወስደው ያግዛል። በላዩ ላይ ሻይ ከጠጣችሁበት ግን ጥቅሙ ይቀንሳል፣ ሻይ ብረትን ይይዛልና። የደም ማነስ በምርመራ ከተገኘ ደግሞ ምክንያቱ የሆድ ትል ሊሆን ይችላል፣ የሚፈስ ደም ሊሆን ይችላል፤ ያንን ቁርቁራ አያክመውም። የእንቅልፉ ወሬ የመጣው ከቻይና ባህላዊ ሕክምና ይመስለኛል፤ እዚያ ለእንቅልፍ የሚጠቀሙት የጁጁብን የዘር ፍሬ ነው፣ ልጆችሽ የሚሻሙበትን ሥጋውን አይደለም።

አሁን ያሳሰበኝ የ3 ዓመቱ ልጅሽ ነው። ፍሬው ብይ ያክላል፣ ውስጡ ያለው ዘር ድንጋይ ነው፣ ለትንሽ ልጅ ጉሮሮ ደግሞ ልኩ ይኸው ነው። ዘሩን ሳታወጪ እንዳትሰጪው፣ አደራ። የደረቀውን ሞቅ ባለ ውሃ ዘፍዝፈሽ በጣትሽ ብትፈትጊው ሥጋው ከዘሩ ይላቀቃል። የ8 ዓመቱም ዘሩን መትፋት ይልመድ። የበለስ ዘር አንጀቱ ውስጥ ተጠቅጥቆበት ሆስፒታል የሚመጣ ልጅ ለሐኪሞች አዲስ አይደለም፣ የቁርቁራ ዘርም ያው ነው።

አንድ ነገር ልርሳ እንዴ! ከመብላታችሁ በፊት እጠቢው፣ ጥቂቱንም ሰንጥቀሽ እዪ። የፍራፍሬ ዝንብ እንቁላሏን ልጣጩ ውስጥ ስለምትጥል ውስጡ ነጭ ትል ሊገኝ ይችላል። ብትበዪው አትሞቺም፣ ግን ካየሽው በኋላ መብላት ይከብዳል።

ጥያቄ፦ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፣ 67 ዓመቴ ነው። የቁርቁራ ቅጠል አፍልቼ ከጠጣሁ ክኒኔን መቀነስ እችላለሁ?

መልስ፦ ጋሼ፣ እባክዎ እንዳይቀንሱ። ቅጠሉ ስኳር ያወርዳል የሚለው ነገር በአብዛኛው በአይጦች ላይ በተሠራ ሙከራ ላይ የቆመ ነው፣ ለሰው ስንት ብርጭቆ እንደሚበቃ ማንም አልለካልዎትም። ከክኒኑ ጋር ተደራርቦ ስኳርዎን ከልክ በታች ቢያወርደውስ? ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳት ይመጣል። ቅጠሉ ሳፖኒን የሚባል እንደ ሳሙና ያለ ንጥረ ነገር ስላለው አረፋ ያወጣል፣ ሶማሌዎች ቀሲል ብለው ፀጉርና ፊት ይታጠቡበታል፤ እርስዎም ለዚያ ይጠቀሙበት። ፍሬውን ካማረዎት ጥሬውን፣ ከምግብ ጋር፣ አምስት ስድስት ፍሬ ቆጥረው ይብሉ። መለኪያ ካለዎት ከመብላትዎ በፊት፣ ደግሞም በልተው 2 ሰዓት ቆይተው ይለኩና ይጻፉት። በቀጠሮዎ ቀን ወረቀቱን ይዘው ይሂዱ።