«ንጹህ ሆኜ ልግባ» ያሉት እናት

ጥያቄ፦ እናቴ 58 ዓመቷ ነው። በልጅነቷ የያዛት ቶንሲል መዘዙ ልቧ ላይ ወጥቶ ቫልቯን አጥብቦባታል፤ የልብ ምቷም የተዛባ ነው። አቴኖሎል፣ ዲጎክሲን፣ ላሲክስና ዋርፋሪን ትወስዳለች። አሁን ለሐሞት ጠጠር የዛሬ ሦስት ሳምንት ማክሰኞ ኦፕሬሽን ተቀጥሮላታል። ወረቀቱ ላይ «ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ምግብም ውኃም ክልክል ነው» ይላል እንጂ ስለ መድኃኒቶቹ ምንም የለበትም። እሷ ደግሞ «መድኃኒት በደሜ ይዤ ቢላ ሥር አልተኛም፤ ንጹህ ሆኜ ልግባ» ብላ ሁሉንም ከሳምንት በፊት ልታቆም ነው። ምን ልበላት?
ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ማደንዘዣ ስሰጥ 26 ዓመቴ ነው። «ንጹህ ልሁን» የሚል ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ አንዱን ግን አልረሳቸውም። ለቡአ ኦፕሬሽን የመጡ አባት ናቸው። አልጋው ላይ ከመውጣታቸው በፊት ከኮት ኪሳቸው በፌስታል የተቋጠረ አቴኖሎል አውጥተው «ሲስተር፣ አራት ቀን አልነካሁትም» አሉኝ። ለቁርባን እንደተዘጋጀ ሰው ፊታቸው በርቷል። ሞኒተሩን ሳስርላቸው የልብ ምታቸው 148! አላመንኩም፤ በጣቴ ቆጠርኩ። ያው ነው። ቡአው ሳይነካ ልባቸውን ስናረጋጋ ዋልን።

አቴኖሎል የልብ ልጓም ነው። ድንገት ከለቀቅሽው ፈረሱ ከድሮውም ብሶበት ይጋልባል። ቫልቩ ለጠበበ ሰው ደግሞ ፍጥነት ጠላት ነው። ደሙ በጠባቧ በር ለማለፍ ጊዜ ያጣና ወደ ሳንባ ይጠራቀማል፤ ትንፋሽ ያጥራል። ስለዚህ አቴኖሎል አይቋረጥም። የኦፕሬሽኑ ዕለትም ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በአንድ ጉንጭ ውኃ ይዋጣል። «ውኃ ክልክል ነው» ማለት መድኃኒት ማዋጫ ጉንጯንም ይከለክላል ማለት አይደለም። ብቻ ቀድመሽ የማደንዘዣ ባለሙያውን አስፈቅጂ።

(በዚሁ ላይ፦ «ልብ ያረጋጋል» ብሎ የጎረቤት አቴኖሎል የሚውጥ ሰውም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2008 ከ8,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ወጥቶ ነበር። የአቴኖሎል ዘመድ የሆነውን ሜቶፕሮሎልን በኦፕሬሽኑ ዕለት በአዲስ የጀመሩት ሰዎች ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሀርት አታክ) ቢቀንስላቸውም ስትሮክና ሞት በዝቶባቸዋል። የለመደ አያቋርጥ፣ ያልለመደ በዚያ ጠዋት አይጀምር።)

የልብ ምት የሚያረጋጋው ዲጎክሲንም አብዛኛውን ጊዜ ይቀጥላል። ግን ላሲክስ (ሽንት የሚያሸናው) ፖታሲየም የሚባለውን የደም ጨው ከሽንት ጋር ያስወጣል፤ ፖታሲየም ሲያንስ ዲጎክሲን ወደ መርዝነት ይጠጋል። ከኦፕሬሽኑ በፊት ፖታሲየምና ኩላሊት ይመርመርላቸው። ላሲክሷ ለዚያች ጠዋት ብዙ ጊዜ ትዘለላለች፤ ስለ እሷም ሐኪሙን ጠይቂ።

ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ላይ ግን እናትሽ እውነት አላቸው። ብዙውን ጊዜ ለ5 ቀን ይቆማል። ለማክሰኞ ከሆነ የመጨረሻዋ ክኒን ረቡዕ ማታ ትዋጣለች፤ ከሐሙስ እስከ ሰኞ የለም። ሰኞ አይኤንአር (ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳይ ምርመራ) ይለካል፤ ከ1.5 በታች ከሆነ መልካም። ችግሩ፣ እንደ እሳቸው ቫልቩ ጠቦ ምቱም ለተዛባ ሰው ያለ ደም ማቅጠኛ የሚያልፉት ቀናት ቀላል አይደሉም። ልብ ውስጥ የረጋ ደም ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ለዚህ ሐኪሙ በመሀል የሄፓሪን መርፌ ሊያዝላቸው ይችላል። መርፌውንም ሆነ የማቆሚያውን ቀን የሚወስነው የልብ ሐኪማቸው ነው፤ እኔም አንቺም አይደለንም።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት የልብ ሐኪሙ ዘንድ ውሰጃቸው፤ ከዚያ የማደንዘዣ ባለሙያውን አግኙ። ክኒኖቹን ከነማሸጊያቸው ያዢ። «ነጯን ትንሿን ነው የምወስደው» የሚሉኝ አሉ። ነጭ ትንሽ ክኒን ስንት አለ መሰለሽ!

ዋርፋሪኑ መቼ እንደሚጀመር በወረቀት ሳይጻፍላችሁ ከሆስፒታል እንዳትወጡ። ቤት ከገቡ በኋላ ደግሞ ቁስሉ አመማቸው ብሎ ማንም ዲክሎፌናክ እንዳይገዛላቸው፤ ከዋርፋሪን ጋር ሲገናኝ ጨጓራ ያደማል። የታዘዘላቸው ማስታገሻ ካልበቃቸው ወደ ሐኪሙ ደውዪ።