ጆሮዬ ይጮሃል፤ ልፍራ ወይስ ልተወው? ጥያቄና መልስ

የጆሮ ምርመራ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። «ጆሮዬ ይጮሃል» ብሎ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ይፈራል፤ ልደነቁር ነው፣ ወይም ጭንቅላቴ ውስጥ ክፉ ነገር አለ። ብዙዎቹ ከሁለቱም ነፃ ናቸው። የጥቂቶቹ ችግር ግን ቀን አይሰጥም። ጥያቄዎቻችሁን የመረጥኩት ይህን ለመለየት እንዲረዱ ነው።

ማታ ስተኛ ሁለቱም ጆሮዬ «ሲርርር» ይላል። ቀን አይሰማኝም። በሽታ ነው?

በራሱ በሽታ አይደለም፣ ምልክት ነው። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉ ወደ 15,000 ገደማ ጥቃቅን ህዋሶች አሉ። በዕድሜ ወይም በጩኸት ከሞቱ አይተኩም። ወደ አንጎል የሚደርሰው ድምፅ ሲቀንስ አንጎል የጎደለውን ለመስማት ይጣጣራል፤ የምትሰማው ይህንኑ ጥረት ነው። ማታ የሚብሰው ድምፁ ስለጨመረ ሳይሆን ሌላው ሁሉ ጸጥ ስላለ ነው። በ1953 ሁለት ተመራማሪዎች ደህና የሚሰሙ 80 ሰዎችን ድምፅ በማይገባበት ክፍል አስቀምጠው ነበር። 94 በመቶው የሆነ ድምፅ ሰማን አሉ። ስለዚህ ፍጹም ጸጥታ ውስጥ አትተኛ። ዝቅ ያለ ሬዲዮ ወይም የማራገቢያ ድምፅ ይበቃል። ከወር በላይ ከቆየ ግን መስማትህን ተመርመር።

እኔ የምሰማው በግራ ጆሮዬ ብቻ «ድው ድው» የሚል ነው። ደረጃ ስወጣ ይፈጥናል።

የእጅሽን የደም ምት እየቆጠርሽ አዳምጪው። እኩል ከሄዱ የምትሰሚው የደምሽን ፍሰት ነው። ደም ማነስ፣ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሆርሞን መብዛት፣ የደም ግፊት ወይም ጆሮ አጠገብ ያለ የደም ሥር ችግር ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ መንስኤያቸው ከታወቀ ይታከማሉ፤ ለዚህም ነው ይህኛውን ዓይነት «ይለፍ» የማልለው። ሐኪሙ አንገትሽንና የጆሮሽን ዙሪያ በማዳመጫ እንዲሰማልሽ ጠይቂ። ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለበት ቀጠሮ አትጠብቂ።

ከአራት ቀን በፊት ስነቃ ቀኝ ጆሮዬ ድፍን ብሏል፣ ይጮሃልም። ጉንፋን ነው ተብዬ ጠብታ ተሰጠኝ።

ወንድሜ፣ ይህን አንብበህ እንደጨረስክ ተነስና ሂድ። ጉንፋን ወይም ኩክ ሊሆን ይችላል። ግን በሰዓታት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ድንገት የሚመጣ የነርቭ መስማት ማጣትም ልክ እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ ሰውም «ጆሮዬ ተደፍኗል» ብሎ ያልፈዋል። አንድ ነገር ሞክር። አፍህን ዘግተህ «እምምም» በል። ድምፁ ወደተደፈነው ጆሮ ከሄደ መንገዱ የተዘጋ ይመስላል። ወደ ደህናው ከሄደ ነርቩ ያሰጋል። ምርመራን አይተካም፣ ግን ለሐኪሙ ንገረው። ነርቩ ከሆነ የሚሰጠው ስቴሮይድ የሚባል መቆጣትን የሚቀንስ መድኃኒት ነው፤ ይበልጥ የሚጠቅመውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው። በራሳቸው የሚድኑ አሉ፣ ግን ማን እንደሚድን አስቀድሞ ማንም አያውቅም። «ይለቀኛል» እያሉ ወር ቆይተው የመጡ ሰዎችን ፊት ለፊት ተቀምጬ «ዘግይተዋል» ማለት ነበረብኝ። ከሥራዬ ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

ስውጥ ወይም ሳዛጋ «ጠቅ» ይላል።

መሃል ጆሮን ከጉሮሮ ጀርባ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ ሲከፈት ነው። ጤነኛ ነህ።

ኩኬን በጥጥ ሳወጣ ጩኸቱ ባሰብኝ።

ጥጡ ኩኩን ወደ ውስጥ ገፍቶ ታምቡሩ ላይ አስደግፎት ይሆናል። ሁለተኛ አታስገቢ። ለሁለት ሦስት ቀን ጥቂት ጠብታ የወይራ ዘይት ያለሰልሰዋል፤ ታምቡርሽ ተቀዶ የሚያውቅ ወይም ጆሮሽ የሚመግል ከሆነ ግን ምንም ጠብታ አይግባ፣ በባለሙያ ይታጠብ ወይም ይጠረግ።

አባቴ መድኃኒት ከጀመሩ ወዲህ ጆሮዬ ጮኸ ይላሉ።

ይሆናል። በብዛት የተወሰደ አስፕሪን፣ ኪኒን (የወባ መድኃኒቱ)፣ እንደ ጄንታማይሲን ያሉ የአንቲባዮቲክ መርፌዎችና ሽንት የሚያበዛው ፉሮሴማይድ ጆሮን ሊነኩ ይችላሉ። በራሳቸው ግን አያቋርጡ። ላዘዘው ሐኪም በፍጥነት ንገሩት፤ ሊቀይረው ወይም መጠኑን ሊቀንሰው ይችላል።

ከሙዚቃ ዝግጅት ስወጣ ይጮሃል፣ በማግስቱ ይተወኛል። ምን ችግር አለው?

ጆሮህ ተጎድቼ ነበር እያለህ ነው። የድምፅ ኃይል በዴሲቤል ይለካል፤ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይቻላል። 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀርሃል። መድፈኛ ያዝ፣ ከድምፅ ማጉያው ራቅ።

ምርመራዬ ሁሉ ደህና ነው፤ «ልመጂው» ተባልኩ። እንቅልፍ አጣሁ፣ መኖርም እያስጠላኝ ነው።

እህቴ፣ «ልመጂው» ብሎ ማሰናበት ሕክምና አይደለም። ድምፁን የሚያጠፋ ክኒን እስካሁን የለም፤ አለ የሚል ሻጭ ቢመጣ ገንዘብሽን አትስጪ። ግን መስማትሽ ትንሽ እንኳ ከቀነሰ የመስሚያ መሣሪያ ጩኸቱን ያደበዝዛል። አስተሳሰብና ባህሪ ላይ የሚሠራ የንግግር ሕክምና ደግሞ ጭንቀቱን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ይህን ሁሉ ከነገ ጀምሮ ታደርጊዋለሽ። የመጨረሻው ቃልሽ ግን ከጆሮው ይቀድማል። ዛሬ ማታ ብቻሽን አትደሪ። ለምታምኚው ሰው አሁን ደውይ፣ ለእኔ የጻፍሽውን እንዳለ ንገሪው፣ ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽም ድንገተኛ ክፍል ይውሰድሽ።