የልጄ ፋይል ላይ የእኔ ስም የለም

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ልጄን የወለድኩት ሳላገባ ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላው ለታላቅ ወንድሜ ትቼው ጅቡቲ ወረድኩ፤ የተመለስኩት ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው። ወንድሜ ትምህርት ቤት ሲያስገባው «አባቱ ነኝ» ብሎ አስመዘገበው፤ መከላከያም የገባው በዚያው ስም ነው። መስከረም 2015፣ ፕሪቶሪያ ላይ ሊፈራረሙ ወር ሲቀራቸው ተሰዋ። መርዶው የደረሰው ለወንድሜ ነው። ጡረታ ልጠይቅ ብሄድ «ፋይሉ ላይ እናቱ ሌላ ሴት ናት» አሉኝ፤ የወንድሜን ሚስት ማለታቸው ነው። አንድ ባጃጅ ነበረችው፤ ባንክም ትንሽ ገንዘብ አለው። አሁን ደግሞ አንዲት ወጣት ከኮምቦልቻ የሦስት ዓመት ልጅ ይዛ መጥታ «የእሱ ናት» አለችኝ። አልተጋቡም፤ እሱ ሲሞት ልጅቷ ገና በሆድ ነበረች። ጎረቤት «እሷ ሳትነቃ ወራሽነትሽን አውጪ» ይለኛል። ምን ይበጀኛል?

መልስ፦ ነፍሱን ይማር፤ ለእርስዎም መጽናናቱን ይስጥዎት።

ከጥያቄዎ ጋር የላኳቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየኋቸው። የደንብ ልብስ ለብሶ የተነሳውን ሳይሆን ያቺን አራት ቦታ የታጠፈች የክትባት ካርድ ነው ደጋግሜ ያየሁት። ቀኑ ደብዝዟል፣ ማኅተሙም ግማሹ ጠፍቷል። «የእናት ስም» የሚለው መስመር ላይ ግን የእርስዎ ስም በሰማያዊ እስክሪብቶ ይነበባል። እሷን ላሚኔት አያስደርጓት፣ ለማንም ዋናውን አይስጡ። ከትምህርት ቤቱም ከሠራዊቱም መዝገብ በፊት የተጻፈች ወረቀት ናት።

እናትነት በሕጉ የሚታወቀው በመውለድ ብቻ ነው። ወንድምዎ የትምህርት ቤት ፎርም ላይ የጻፈው ነገር እሱን አባት፣ ሚስቱንም እናት አያደርጋቸውም። ጉዲፈቻም አይባልም፤ ጉዲፈቻ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም። እዚህ ከተማ በአጎት፣ በአያት፣ በእንጀራ አባት ስም ያደገ ልጅ ስንት አለ መሰለዎት! ሰዉ በክፋት አያደርገውም፤ «አባትህ ማነው?» ተብሎ ልጁ እንዳይሸማቀቅ ነው። ችግሩ የሚወጣው እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ነው።

ስለዚህ «የልጄን ስም ላስለውጥ» ብለው ቀበሌ አይመላለሱ፤ የሟች ስም አይለወጥም። ፍርድ ቤት የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሟች ወላጅ እናት መሆንዎ እንዲረጋገጥ። ሁለተኛ፣ በክትባት ካርዱ ላይ ያለው ልጅና በመከላከያ ፋይል ላይ ያለው ወታደር አንድ ሰው መሆኑ እንዲረጋገጥ። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ከዚያ ውሳኔውን ይዞ ሲሄድ «ይሄ ሌላ ሰው ነው» ተብሎ ይመለሳል።

ዳኛው የልጅዎን ሕይወት ይጠይቅዎታል፦ የት ተወለደ፣ ማን ጡት አስጣለው፣ ከስንተኛ ክፍል እስከ ስንተኛ የት ተማረ፣ መቼ ተቀጠረ። ሲጨነቁ ቀኑ ሁሉ ስለሚምታታብዎት አሁኑኑ ቁጭ ብለው በአንድ ገጽ ያስጽፉት። ዋና ምስክሮችዎ ወንድምዎና ሚስቱ ናቸው። ከእነሱ ሌላ ልጁን ትተው ሲሄዱ የነበሩ፣ ሲመለሱም «እማዬ» ብሎ ሲጠራዎት የሰሙ ጎረቤቶችን ይያዙ። የልደት መዝገብ በሌለበት፣ ዘመድና ጎረቤት እንደ ልጅዎ ያውቁት እንደነበር በምስክር ማስረዳትን ሕጉ ይቀበላል። ወንድምዎ «አጭበርብረሃል እባላለሁ» ብሎ እንደሚሰጋ ጽፈዋል። እኔ የምመክረው ራሱ ቀርቦ እውነቱን እንዲናገር ነው፤ ዝም ካለ ግን የእርስዎ መዝገብ ይንገዳገዳል። ሠራዊቱ ዘንድ ያለውን የቅጥር ፎርም ደግሞ እርስዎ ማምጣት አይጠበቅብዎትም፤ ፍርድ ቤቱ በትዕዛዝ እንዲያስቀርበው ያመልክቱ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሁለት ኪስ ነው፤ አያደባልቁት።

ባጃጇና የባንኩ ገንዘብ ውርስ ናቸው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 842 መሠረት ቀዳሚዎቹ ወራሾች ልጆች ናቸው። ሟች ልጅ ካለው ወላጆች አይወርሱም፤ ሩብም፣ ሲሶም የለም። ልጅ ከሌለው ውርሱ ወደ ወላጆች ይሄዳል፤ አባቱ የማይታወቅ ስለሆነ ሁሉም ለእርስዎ ይሆናል። ሙስሊም አንባቢዎቼ «በሸሪዓ እናት አንድ ስድስተኛ አላት» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ልክ ናቸው፣ ግን ጉዳዩ ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚታየው ተከራካሪዎቹ ሁሉ ሲፈቅዱ ነው።

ጡረታ ግን ውርስ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 የሚከፈለው ለሚስት፣ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆችና በሟች ድጋፍ ይኖሩ ለነበሩ ወላጆች ነው። ልጅዎ አሥር ዓመት አላገለገለም፤ ግዳጅ ላይ ስለሞተ ግን ይህ መብቱን አያስቀረውም። እርስዎ በእሱ ድጋፍ ይኖሩ እንደነበር የሚያሳየው በየወሩ በባንክ ይልክልዎት የነበረው ገንዘብ ነው። ቅርንጫፉ ሄደው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወር ያለውን የሒሳብ መግለጫ በማኅተም ያውጡ። ልጅቷ ብትኖርም ይህ መብት የእርስዎ ነው፤ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። ውዝፉ ላይ ግን ይርጋ፣ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜ ገደብ፣ አለና አይዘግዩ።

ሕፃኗን በተመለከተ፣ ጎረቤትዎ የነገረዎትን ይተዉት። «ሌላ ወራሽ የለም» ብለው በቁጥር 996 የወራሽነት ማስረጃ ቢያወጡ ነገ በተቃዋሚ ይሰረዛል፤ የበሉትንም ይጠየቃሉ። የልጅቷ ሞግዚት የውርስ ጥያቄ የሚዘጋባት መብቷን ካወቀች ከሦስት ዓመት፣ ቢበዛ ከሞቱ ከ15 ዓመት በኋላ ነው። ሲሞት በሆድ መሆኗም አይጎዳትም፤ የተፀነሰ ልጅ በሕይወት ከተወለደ ጥቅሙ በሚጠይቅበት ሁሉ እንደተወለደ ይቆጠራል።

ለመሆኑ የእሱ ናት? ወጣቷ ያሳየችዎትን የቴሌግራም መልእክት ፎቶ ልከውልኛል፤ «ሴት ከሆነች የእማዬን ስም ነው የማወጣላት» ይላል፣ ከሥሩም የእርስዎን ስም ጽፏል። ስሙን ሳነበው ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 143 አባትነት በፍርድ እንዲታወቅ ከሚያስችሉት ማስረጃዎች አንዱ አባት የተባለው ሰው ራሱ የጻፈው፣ አባትነቱን በማያሻማ ሁኔታ የሚያሳይ ደብዳቤ ወይም ጽሑፍ ነው ይላል። ሕጉ በ1992 ሲወጣ ያሰበው የወረቀት ደብዳቤ ነበር፤ እኔ ግን ይህንንም አቀርበዋለሁ። ልብ ይበሉ፣ ይኸው መልእክት እርስዎን ስም ጠርቶ «እማዬ» ይላል፤ ለእርስዎም ምስክር ነው። ስለዚህ ወጣቷ ስልኩን እንዳትሸጠው፣ እንዳታድሰው ይንገሯት።

ክስ የግድ አይደለም። አባት ሲሞት፣ የአባት ወገን አያት በእሱ ስም አባትነቱን መቀበል ይችላሉ፤ የልጅቷ እናት እውነት ነው ካለች ይጸናል። የሚደረገው ወሳኝ ኩነት መዝጋቢው ፊት ወይም ሥልጣን ባለው አካል በተረጋገጠ ሰነድ ነው። ወንድምዎ ይህን ማድረግ አይችልም፣ አያት አይደለምና። የሚችሉት እርስዎ ነዎት፤ ያውም መጀመሪያ የእሱ እናት መሆንዎ ከተረጋገጠ በኋላ። ሐቁን ልንገርዎት፦ ይህን ፊርማ ሲፈርሙ ባጃጇና የባንኩ ገንዘብ የልጅቷ ይሆናሉ፤ የሚያስተዳድሩትም እናቷ ናቸው። በኋላ ሐሳቤን ቀየርኩ ብለው አይመልሱትም። ጥርጣሬ ካለዎት ከመፈረምዎ በፊት ይናገሩ። ከፈረሙ ግን የልጅዎን ልጅ በስሙ አስጠሯት ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ለድሬዳዋ ነው፤ እዚህ የሚሠራው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ነው። ሐረር የምትኖሩና ተመሳሳይ ጉዳይ ያላችሁ፣ ሐረሪ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው አንቀጾቹን ከዚህ አትገልብጡ።

እስከዚያው ባጃጇ አትሸጥ፣ ወደ ማንም ስም አትዙር። ቆማ ከምትበላሽ ወንድምዎ ያሠራት፤ የየቀኑ ገቢ፣ ነዳጅና ጥገና ደብተር ላይ ይጻፍ፣ የተረፈው ለብቻው ይቀመጥ። ሲመጡ ደብተሩን፣ ካርዷንና ወንድምዎን ይዘው ይምጡ።