ቀይ ሽንኩርት፣ ጤና አዳምና የግፊት ክኒን

ጥያቄ፦ እናቴ ግፊት አለባት፤ አምሎዲፒን ትወስዳለች። ሰኞ ገበያ ላይ «ጤና አዳምና ቀይ ሽንኩርት ፍላቮኖይድ ስላላቸው ግፊት ያወርዳሉ» ብለዋት በየጠዋቱ አንድ ብርጭቆ ጤና አዳም አፍልታ ትጠጣለች። አሁን ክኒኑን ልተው እያለች ነው። ይሆናል? (ከደሴ)

መልስ፦ አይሆንም፤ እባክዎ ክኒኑን እንዳያቋርጡ ያድርጉ። ግፊት ሕመም ሳይሰማ ከፍ ብሎ ሊቆይ ስለሚችል «ደህና ነኝ» ማለታቸው ማስረጃ አይሆንም።

የሰሙት ወሬ መነሻ አለው። ሽንኩርት ኩዌርሴቲን፣ ጤና አዳም ደግሞ ሩቲን አላቸው፤ ሁለቱም ፍላቮኖይድ ከሚባሉት የዕፅዋት ውህዶች ናቸው። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። ግፊትን በጥቂት ነጥብ ዝቅ አደረገ የተባለው ኩዌርሴቲን በቀን 500 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ሲሰጥ ነው። 100 ግራም ቀይ ሽንኩርት ውስጥ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 50 ሚሊ ግራም ቢሆን ነው። ስለዚህ ከ1 ኪሎ በላይ ሽንኩርት በየቀኑ መብላት ሊያስፈልግ ነው!

ሽንኩርቱ ግን ምግብ ነውና ይብሉት፤ አያያዙ ላይ ይጠንቀቁ። ኩዌርሴቲኑ የሚበዛው ውጭ ባለው ንብርብር ላይ ሲሆን ወደ መሐል እየቀነሰ ይሄዳል። ደረቁን ልጣጭ ብቻ ያንሱ፤ ቀጥሎ ያለውን ወፍራም ንብርብር አብሮ መጣል ዋናውን መጣል ነው። ቀቅሎ ውሃውን መድፋትም ያባክነዋል፤ ወደ ውሃው ይወጣልና። ለወጥ ሲቁላላ የሚወጣው እዚያው ድስት ውስጥ ስለሚቀር የእኛ አሠራር ጥሩ ነው። እንዳያርር እሳቱን ቀንሰው ጠብ ጠብ እያደረጉ ውሃ ይጨምሩ። ለግፊት ከሽንኩርቱ ይልቅ የሚጠቅመው ጨው መቀነስ ነው፤ በርበሬና ሽሮ ውስጥ ያለውን ጨምሮ በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ አይለፍ።

ጤና አዳሙን በተመለከተ፣ ቡና ላይ አንድ ቅንጣቢ ጣል ማድረግና በየቀኑ ብርጭቆ ሙሉ አፍልቶ መጠጣት አንድ አይደለም። ብርጭቆውን ይተዉት። እርጥቡን ቅጠል ቆርጠው ሳይታጠቡ ፀሐይ ላይ መውጣትም ቆዳን እስከ ማቁሰል ያደርሳል፤ ለዚህ ተጠያቂው ሩቲኑ ሳይሆን ፉራኖኩማሪን የተባለው ሌላ ውህድ ነው።

ጥያቄ፦ እርጉዝ ነኝ፤ ለደም ማነስ የአይረን ክኒን ታዞልኛል። ሻይ ፍላቮኖይድ አለው ብለው ምግብ ላይ እንድጠጣ መከሩኝ። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ምግብ ላይ አይጠጡ። የሻይ ፍላቮኖይድ የሆነው ካቴኪንና ታኒን የተባለው ውህድ ከምስር፣ ከሽሮና ከጤፍ የሚገኘውን አይረን ይዘው አንጀት እንዳይመጠው ያደርጋሉ፤ ክኒኑንም እንዲሁ። ቡናም ያው ነው። ሻዩን ከምግብም ከክኒኑም ቢያንስ አንድ፣ ቢቻል ሁለት ሰዓት ያርቁት። ክኒኑን በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ይዋጡ፤ ቫይታሚን ሲ መመጠጡን ያግዛል። ጤና አዳም ማህፀን ሊያኮማትር ስለሚችል እስኪወልዱ ድረስ ቡናዎ ላይም አይጨምሩ።