የ1921 ሞርጋን ዶላር ይጽዳ ወይ? ስብስብስ ከየት ይጀመር?

ሰላም ወንድሜ፣ «የ1921 ሞርጋን ዶላር ገዛሁ፤ ጠቁሯል፣ ላጽዳው ወይ? ስብስቤንስ ከየትኛው ሳንቲም ልጀምር?» ብለህ ጠይቀሃል። የድሮ የአሜሪካ ብር ሳንቲም ስሰበስብ ብዙ ዓመት ሆኖኛልና ያየሁትን ልንገርህ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ከሁሉ በፊት እባክህ አታጽዳው። በጥርስ ሳሙናም ሆነ ለብር ማጽጃ ተብሎ በሚሸጠው ፈሳሽ አትንካው። ብር ሲቆይ ይጠቁራል፤ ያልተነካ ጥቁረት ደግሞ ሰብሳቢ የሚወደው ነገር ነው። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ብዙ ያልተበላ፣ ያልተነካ ሳንቲም ካገኘህ መብራት ሥር ያዝና ቀስ እያልክ አዘንብለው፤ ብርሃኑ እንደ ጋሪ ጎማ ዙሪያውን ሲሽከረከር ታያለህ። ሳንቲሙ ሲመታ፣ ማለት በማተሚያ ተጭኖ ሲሠራ፣ ብሩ ወደ ጠርዝ እየተለጠጠ የሚተወው ረቂቅ መስመር ነው እንዲህ የሚያደርገው። በተፈተገ ሳንቲም ላይ ብርሃኑ ባለበት ይቆማል፤ በማጉያ መነጽር ስታየውም ቀጫጭን ጭረቶች ጎን ለጎን ተኝተው ታገኛለህ። ያ ፍካት አንዴ ከጠፋ ማንም አይመልሰውም።

ሞርጋን የሚለው ስም የመጣው ከነዳፊው ከጆርጅ ሞርጋን ነው። ከእንግሊዝ መጥቶ በ1876 ፊላዴልፊያ ባለው የአሜሪካ መንግሥት ሳንቲም መምቻ ሥራ የጀመረ ቀራፂ ነበር። ሳንቲሙ ላይ ላለችው ሴት አርአያ የሆነችው አና ዊሊያምስ የምትባል የዚያው ከተማ አስተማሪ ናት። ዶላሩ ከ1878 እስከ 1904 ተመታና ቆመ፤ በ1918 በወጣው የፒትማን ሕግ ደግሞ ከ270 ሚሊዮን በላይ የብር ዶላር ቀለጠ። በ1921 እንደገና ሲጀመር የድሮው ዋና ቅርጽ ስለጠፋ ሞርጋን አዲስ ሠራ፤ አዲሱ ከበፊቱ ጠፍጠፍ ያለ ነው። ስለዚህ የንስሩ ደረት ላይ ላባው ደብዘዝ ቢልብህ ብዙ የተበላ ነው ብለህ አትቸኩል፤ ብዙ ጊዜ ገና ሲመታም እንዲሁ ደብዛዛ ነበር። በዚያ ዓመት ብቻ ከ86 ሚሊዮን በላይ ሞርጋን ስለተመታ ሻጭ «ብርቅ ነው» ካለህ ሰላም ብለህ ውጣ።

ለጀማሪ እኔ የምመክረው ዶላሩን ሳይሆን ግማሽ ዶላሩን ነው፤ ከ1916 እስከ 1947 የተመታውን፣ ነፃነት በሴት አምሳል ወደ ፀሐይ የምትራመድበትን። የነደፈው አዶልፍ ዋይንማን ነው። በ1890 የወጣ ሕግ የሳንቲም መልክ 25 ዓመት ሳይሞላው እንዳይቀየር ይከለክል ነበር። በ1892 የወጡት የቻርልስ ባርበር ሳንቲሞች ጊዜያቸውን ሲጨርሱ ሥራው ከመምቻው ውጭ ላሉ ቀራፂዎች ተሰጠ፤ ዳይሙን (አሥር ሳንቲሙን) እና ግማሽ ዶላሩን ዋይንማን፣ ኳርተሩን (ሃያ አምስት ሳንቲሙን) ኸርሞን ማክኒል አገኙ። ለእኔ አሜሪካ በ1916 ከወጡት ከእነዚህ የተሻለ ሳንቲም አልሠራችም።

ይህን ግማሽ ዶላር በእጅህ ይዘህ የምታየው ሦስት ቦታ አለ፦ ራሷን፣ ደረቷን፣ ወደፊት የዘረጋችው እግር ላይ የቀሚሱን መስመር። ከፍ ያሉት እነዚህ ስለሆኑ መጀመሪያ የሚበሉትም እነሱ ናቸው። የቀሚሱ እጥፋት እግሯ ላይ ሳይቋረጥ ከወረደ ጥሩ ሳንቲም ይዘሃል። እጥፋቱ ጠፍቶ ሜዳው (ምስል የሌለበት ለጥ ያለው ቦታ) ግን የሚያብረቀርቅ ከሆነ የተወለወለ ነው፤ ተወው። በ1941 እና በ1947 መካከል የተመቱት በብዛት ስለሚገኙ ዓይንህን በእነሱ አሠልጥን። በ1921 የተመቱት ግን ውድ ናቸው፤ ለኋላ ይቆዩህ።

የማክኒል ኳርተር ውብ ነው፤ ግን የተመታበት ዓመት ከፍ ብሎ ስለተቀረጸ ቶሎ ይጠፋ ነበር። በ1925 ዝቅ አድርገው ሠሩት። ስለዚህ ዓመቱ የማይነበብ ኳርተር ካየህ አትደነቅ፤ አትግዛውም።

አስመስለው የሚሠሩት ስለበዛ ትንሽ የወርቅ ሚዛን ግዛ። ሞርጋን 26.73 ግራም፣ ግማሽ ዶላሩ 12.5 ግራም ነው፤ የተበላ ጥቂት ይቀንሳል እንጂ ግራም ሁለት ግራም አይጎድልም። ማግኔት ከሳበው አበቃ። 1964 እና ከዚያ በፊት የተጻፈበት ዳይም፣ ኳርተርና ግማሽ ዶላር 90 ከመቶ ብር ነው። ከዚያ በኋላ በወጡት ዳይምና ኳርተር ጠርዝ ላይ ቀይ የመዳብ መስመር ይታያል። ማስቀመጫህ ለስላሳ የፕላስቲክ ኪስ አይሁን፤ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ይተፋበታል። ጠንካራውን ክብ መያዣ ግዛ፤ ስትይዘውም ጠርዙን ብቻ ያዝ።

ደግሞ አገር ቤት ቤተሰብ ዘንድ በእኛ አቆጣጠር የ1936 ዓ.ም. ኃምሳ ሳንቲም ካለ አስጠይቅ፤ የንጉሡ ምስል ያለበት፣ የብር ነው። እሱም እዚያው ፊላዴልፊያ የተመታ ስለሆነ ከአሜሪካኖቹ ጎን ቢቀመጥ ቦታው ነው።

አሁን የሞርጋንህን ጀርባ በቀን ብርሃን አንሳና እዚህ ለጥፈው። ከቅጠል ጉንጉኑ በታች ዲ (D) የሚል ፊደል ካለ የተመታው ዴንቨር፣ ኤስ (S) ካለ ሳን ፍራንሲስኮ ነው፤ ምንም ከሌለ ፊላዴልፊያ። ሚዛንም ካገኘህ ክብደቱን ጻፍልን፤ አብረን እናየዋለን።