ጁንቲንዝን ብናከብር ነውር አለው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ዳላስ ነው። ጁን 19 ሥራ ዝግ ስለሆነ ደስ ይለናል እንጂ በዓሉ ምን እንደሆነ ብዙም አናውቅም። ዘንድሮ ጥቁር አሜሪካውያን ጎረቤቶቻችን ጠሩን። ልጆቼም «ምን ልናከብር ነው?» አሉኝ። ብንሄድ በማያገባን የገባን አይመስልም?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ከተጠራችሁማ ሂዱ! ለልጆችሽ ግን ታሪኩን ቀድመሽ ንገሪያቸው። እዚያው ቴክሳስ የሆነ ነገር ነው።

ፕሬዚዳንት ሊንከን ባሪያዎችን ነጻ የሚያወጣውን አዋጅ ያወጀው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መካከል፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ነው። ቴክሳስ ውስጥ በባርነት የነበሩ 250 ሺህ ያህል ሰዎች ግን ከዚያ በኋላም ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ያለ ክፍያ ጉልበታቸውን ተበዘበዙ። ብዙ ሰው «ወሬው ስለዘገየ ነው» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ብዙዎቹ ጌቶች አዋጁን ያውቁ ነበር፤ የሚያስፈጽም የሰሜን ጦር (የሊንከን መንግሥት ጦር) በአካባቢው ስላልነበረ ዝም አሉ፣ እንዲያውም ከሌሎች የደቡብ ግዛቶች ሰዎቹን እየነዱ ወደ ቴክሳስ ያሸሹም ነበሩ። ጁን 19 ቀን 1865 የሰሜኑ ጄኔራል ጎርደን ግሬንጀር ጦሩን ይዞ የቴክሳስ ከተማ ጋልቭስተን ገባና በትእዛዝ ቁጥር 3 ባሪያዎች ሁሉ ነጻ መሆናቸውን አስታወቀ። ያው ትእዛዝ ግን ነጻ የወጡትን ባሉበት በጸጥታ ቆይታችሁ በደሞዝ ሥሩ ይላቸዋል። መሬት የለ፣ ካሳ የለ። ይሄንን ከልጆች መደበቅ ልክ አይመስለኝም።

እኔን በጣም የሚነካኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። በ1872 ሂውስተን ውስጥ በባርነት የኖሩ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው በዓሉን የሚያከብሩበት መሬት ገዙ። ኢማንሲፔሽን ፓርክ ይባላል፣ ዛሬም አለ፤ ወደዚያ ስትሄዱ ልጆቹን ውሰጃቸው። የጎረቤታችሁ የፎርት ወርዝ ሰው ኦፓል ሊ ደግሞ ቀኑ ብሔራዊ በዓል ይሁን ብለው በ89 ዓመታቸው ወደ ዋሽንግተን በእግር ጉዞ ጀምረዋል። በ2021 ተሳካላቸው።

ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። በዚህ ቀን ቀይ ነገር የተለመደ ነው፤ ሀብሐብ ወይም ቀይ ለስላሳ ብትይዙ ይበቃል። «እኛ እኮ ቅኝ አልተገዛንም» የምትለዋን ጨዋታ ግን እባካችሁ ተዉአት፤ ቀኑ የእነሱ ነው፣ እናንተ አዳምጡ። በብዙ ቦታ ያ የግሬንጀር ትእዛዝ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ልጆቹን ቀረብ አድርገሽ አስቀምጫቸው።