ቅባት የሚሄድበትን መንገድ ለምትማሩ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ በሕክምና ላቦራቶሪ ሠርቼ አሁን ደሴ ላይ በጡረታ እኖራለሁ። ሕክምና፣ ላቦራቶሪ ወይም ባዮሎጂ የጀመራችሁ ልጆች ቤቴ ስትመጡ ከምትጠይቁኝ አብዛኛው ስለ ኮሌስትሮል ነው፤ ስንት ሲሆን ያሰጋል፣ ስንት ሲሆን መድኃኒት ይታዘዛል ትሉኛላችሁ። እኔ ደግሞ ከቁጥሩ በፊት ቅባት በህዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚመረት፣ እንዴት እንደሚለወጥና እንዴት እንደሚጓጓዝ አጥብቃችሁ እንድትማሩ እለምናችኋለሁ፤ ቁጥሩ የሚነግረን በደም ውስጥ የተገኘውን መጠን ብቻ ሲሆን፣ በሽታው ግን ብዙ ጊዜ ያለው መንገዱ ላይ ነውና።

ይህን የተማርሁት በጥፋቴ ነው። ሥራ በጀመርሁባቸው ዓመታት፣ አንድ ጠዋት፣ የስኳር ሕመም ካለበት ጎልማሳ የተቀዳ ደም ከሴንትሪፉጅ ሳወጣ፣ እንደ ገለባ ቢጫ መሆን የሚገባው ሴረም (ደሙ ከረጋ በኋላ የሚለየው ፈሳሽ) ወተት መስሎ አገኘሁት። የምርመራ ማዘዣውን ከቱቦው በስተኋላ ብይዘው አንድም ፊደል አይታይም ነበር። ያን ጊዜ ኤልዲኤልን (ሲበዛ የደም ሥር የሚጎዳውን የኮሌስትሮል ተሸካሚ) የምናገኘው በስሌት ሲሆን፣ ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤልን (ኮሌስትሮልን ወደ ጉበት የሚመልሰውን ተሸካሚ) እና የትራይግሊሰራይድን (የተለመደው የምግብና የጮማ ቅባት) አንድ አምስተኛ እንቀንስ ነበር። ትራይግሊሰራይዱ በዴሲ ሊትር ከ400 ሚሊ ግራም ካለፈ ስሌቱ እንደማይሠራ ተምሬአለሁ፤ ይሁን እንጂ ወረፋው በዝቶብኝ አስልቼ ጻፍሁ። ኤልዲኤሉ ዝቅ ብሎ ስለ ወጣ ሰውየው ደህና ነህ ተብሎ ተሸኘ፤ በሳምንቱ ከትራይግሊሰራይዱ ብዛት የተነሣ ቆሽቱ ተቆጥቶ፣ በሕመም ተጣጥፎ ተመለሰ። ከብዙ ሥቃይ በኋላ ተርፏል። ዓይኔ ያየውን በወረቀቱ ላይ አለማስፈሬ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያ ወተት ከየት መጣ? በጡንቻና በጮማ አካባቢ ባሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ትራይግሊሰራይድን የሚያራግፍ ኢንዛይም አለ፤ ይህ ኢንዛይም በሚገባ እንዲሠራ ኢንሱሊን ያስፈልገዋል። ኢንሱሊን ሲጎድል ማራገፉ ይዳከማል፤ ከዚህም ሌላ የተከማቸው ጮማ እየተፈታ ወደ ጉበት ይጎርፋል፣ ጉበትም መልሶ እየጠቀለለ ወደ ደም ይለቅቀዋል። ሰውየው ጮማ በልቶ አልነበረም፤ የታመመው ጭነቱን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት ነበር።

ቅባት በህዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚመረት ብዙ አልልም። 27 ካርቦን ያለው ኮሌስትሮል ሁለት ካርቦን ካለው አሴቴት ደረጃ በደረጃ እንደሚገነባ ያሳዩት ኮንራድ ብሎክና ፌዮዶር ሊነን በ1964 ኖቤል ተሸልመዋል (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሰውነታችን ከሚያስፈልገው ኮሌስትሮል አብዛኛውን ራሱ እንደሚሠራ ያዙልኝ።

ህዋስ ቅባትን የሚለውጥበትን ጥበብ ግን እናቶቻችሁ ማድ ቤት ታገኙታላችሁ። በደሴ ብርድ የፓልም ዘይት ጠዋት ረግቶ ይገኛል፤ ጀሪካኑን ይዛችሁ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ መላላት ይጀምራል። የኑግ ዘይት ግን ጦሳ ተራራ ላይ ውርጭ በወረደበት ጠዋት እንኳ ይፈስሳል። በፓልም ውስጥ የሚበዙት ቀጥ ያሉ የካርቦን ሰንሰለቶች እንደ ተደረደረ እንጨት ይጠጋጋሉ፤ የኑግ ሰንሰለቶች ድርብ ትስስር ስላላቸው ጎበጥ ይላሉ፣ ስለዚህ አይጠጋጉም። ባክቴሪያ ሲበርደው ሽፋኑ እንዳይረጋበት ጎባጣ ሰንሰለቶችን የሚጨምረው በዚሁ ሕግ ነው። የእኛም ህዋሳት ሰንሰለት የሚያጎብጥ ኢንዛይም አላቸው፤ ይሁንና ከዘጠነኛው ካርቦን ወዲያ ማጉበጥ አይችሉም። በኑግ ውስጥ የሞላውን ሊኖሌይክ አሲድ ከምግብ ማግኘት የግድ የሚሆንብንም ለዚህ ነው።

ወደ መጓጓዣው ልመለስ፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ክፍል ነው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ መኪናው ጭነቱን ይዞ ደርሶ፣ ጫኝና አውራጅ ቢጠፋ ምን እንደሚሆን አስቡ። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስቲን በ1970ዎቹ ያገኙት ይህንኑ ነው፤ በልጅነታቸው በልብ ሕመም የሚሠቃዩ ሕፃናትን ህዋሳት ሲመረምሩ፣ ኤልዲኤልን ከደም የሚያወርደው ተቀባይ ጎድሎ አገኙት። ጤነኛው ተቀባይ ኤልዲኤሉን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ያራግፋል፣ በ10 ደቂቃ ገደማ ውስጥም ወደ ቦታው ይመለሳል። ሁለቱ ሊቃውንት በ1985 ኖቤል ተሸለሙ። ከዚያ ቀደም ብሎ ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ ከ6000 በላይ ሻጋታዎችንና ሌሎች ረቂቅ ተሕዋስያንን ፈትሾ ኮሌስትሮል የሚቀንሰውን መድኃኒት፣ የመጀመሪያውን ስታቲን አግኝቶ ነበር። ስታቲን ኮሌስትሮል የሚሠራውን ኢንዛይም ያግዳል፤ ዋናው ጥቅሙ የሚመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው፣ ኮሌስትሮል ያጠረው የጉበት ህዋስ ተቀባዮችን አብዝቶ ያወጣና ኤልዲኤሉን ከደም ይለቅማል። ምርቱ ሲታገድ መጓጓዣው እንደሚነቃ ያልገባው ተማሪ መድኃኒቱን በስሙ ብቻ ያውቀዋል።

የኢንዛይሞቹ ስም ቢበዛባችሁ አብሽሩ። አንዲት የቅባት ቅንጣት ያዙና ከአንጀት እስከ ጉበት፣ ከጉበት እስከ ጡንቻ ተከተሏት፤ ስሞቹ በየመንገዱ ላይ ይቆዩአችኋል። ወተት የመሰለ ሴረም ባገኛችሁ ጊዜም መጀመሪያ መልኩን ጻፉ፤ ለሐኪሙም ወዲያው አሳውቁ። ከዚያ ከተረፈው ላይ በቱቦ አድርጋችሁ በማቀዝቀዣ አሳድሩት። ጠዋት ከላይ እንደ እርጎ ገፈት ነጭ ንጣፍ ተንሳፍፎ ካገኛችሁ፣ ከአንጀት የመጣው የምግብ ቅባት አልተራገፈም ማለት ነው። ምንም ሳይንሳፈፍ ሁሉም እንደ ደፈረሰ ካደረ ደግሞ ጭነቱን ያሰናዳው ጉበት ነው። ሁለቱንም በአንድ ቱቦ ታዩ ይሆናል፤ ከላይ ገፈት፣ ከሥር ድፍርስ።